የሚንኳኳው ራቫ ፎር እና ዝም ያለው

ባለፈው ወር አንድ ጓደኛዬ መኪና ሊገዛ ተነሳ። ለዓመታት የቆጠበው ገንዘብ ነው። ልጆቹ አድገዋል፣ ባጃጅ አልበቃ ብሏቸዋል፣ እናቱ ደግሞ ደብረ ታቦር ናቸው። የፈለገው የቶዮታውን ራቫ ፎር ነው። ባሕር ዳር ውስጥ ቤተሰብ ያለው ሰው ራቫ ፎር ቢፈልግ አይገርምም። ከፍ ያለ ነው፣ ኮብልስቶን አይፈራም፣ መለዋወጫው አይጠፋም፣ ሲሸጡትም ገዢ አያጣም።

ሁለት መኪና አየን። የመጀመሪያው ሽምብጥ አካባቢ አንድ ግቢ ውስጥ የቆመ ነው። ቀለሙ ደብዝዟል። ኮብልስቶን ላይ ሲወጣ ከስሩ ቋ ቋ ይላል። ጓደኛዬ ፊቱ ጠቆረ። ሁለተኛው አባይ ማዶ ነበር። ያብረቀርቃል። ሞተሩ ታጥቦ መስታወት መስሏል። ስንደርስ ተነስቶ ይጠብቀን ነበር። ዘንዘልማ ድረስ ነድተነው ተመለስን። ምንም ድምፅ የለውም። «በቃ፣ ይሄ ነው!» አለኝ።

እኔ መካኒክ አይደለሁም። ግን ራቫ ፎር ይዤ ብዙ ዓመት ቆይቻለሁ፤ ጋራዥ ውስጥም ብዙ ቅዳሜ አሳልፌያለሁ። ያን ቀን ለጓደኛዬ የነገርኩትን ነው እዚህ የምጽፈው። ገዢ የሚፈራው ብዙውን ጊዜ ርካሹን ችግር ነው። ገንዘብ የሚጨርሰው ችግር አይንኳኳም። እንዲያውም ለሁለት ሰዓት ሙከራ ሊደበቅ ይችላል።

መጀመሪያ መለኪያ ላስቀምጥ። ዛሬ የምጽፈው የብር ቁጥር ነገ ያረጃል። በሐምሌ 2016 የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ የመለዋወጫ ዋጋ እንዴት እንደሚዘል ሁላችንም አይተናል። ስለዚህ እኔ የምቆጥረው በታንክ ነው። የራቫ ፎር ታንክ 60 ሊትር አካባቢ ይይዛል። እሱን ሞልቶ የሚከፍል ሰው ስንት እንደሚያወጣ ያውቃል። ጥገናው ከአንድ ታንክ በታች ነው? ጥቂት ታንክ ነው? ወይስ ከአሥር ታንክ ያልፋል? ግምቱ የኔ ነው። እንደ ጋራዡና እንደ ዕቃው ጥራት ከፍ ዝቅ ይላል። ቅደም ተከተሉ ግን ብዙም አይዛነፍም።

አንድ ነገር ደግሞ አትርሱ። ከ2016 ጀምሮ የነዳጅ አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ ተከልክሏል። ስለዚህ አሁን የምንገዛው ራቫ ፎር እዚሁ ሲዞር የኖረውን ነው። ብዙው ሦስት አራት እጅ አልፏል። ከናንተ በፊት የነበረው ሰው ያልጠገነውን የምትጠግኑት እናንተ ናችሁ።

እንግዲህ ከኳኳታው ልጀምር። ከፊት ጎማ አካባቢ ኮብልስቶን ላይ ብቻ የሚሰማ ቋ ቋ አብዛኛውን ጊዜ ስታቢላይዘር ሊንክ የሚባለው ከጎማው ጀርባ ያለ ትንሽ ማገናኛ ዘንግ ነው። አንድ ሰዓት የማይሞላ ሥራ ነው፣ ወጪውም ከአንድ ታንክ በታች። ከሱ ቀጥሎ ጎሚኒዎች፣ በእግሩ ብረቶች መካከል ያሉት ትራስ ጎማዎች፣ ይመጣሉ። ጎማው የተሰነጠቀ ጎሚኒ ፍሬን ሲያዝ ዱብ የሚል ድምፅ ይሰጣል። እሱን ለማውጣትና ለመክተት ፕሬስ ስለሚያስፈልግ የጉልበት ዋጋው ከፍ ይላል። ንዝረት የሚውጠው አሞርዛተር አራቱም ካለቀ ጥቂት ታንክ ይወጣል። ከተማችን ውስጥ ኮብልስቶን ስለበዛ እነዚህ ዕቃዎች ያልቃሉ፤ ያለቁበት መኪና ተበላሽቷል ማለት አይደለም። የኳኳታው ወጪ ቢደመር እንኳ ከአንድ ካምቢዮ (የማርሽ ሳጥን) ወጪ አይደርስም። ዋጋ ለማስቀነስ ደግሞ ከዚህ የተሻለ ምክንያት አታገኙም።

እ.ኤ.አ. ከ2006 እስከ 2012 በተሠራው ራቫ ፎር ላይ አንድ የሚያሳስት ድምፅ አለ። ቀስ ብላችሁ ስትዞሩ መሪው ላይ ቀጭ የሚል ነገር በእጃችሁ ይሰማችኋል። ብዙ ጊዜ ምክንያቱ ከመሪው ወደ ታች የሚወርደው መካከለኛ ዘንግ ነው። ቶዮታም ለዚህ ችግር ለጋራዦቹ የጥገና መመሪያ አውጥቷል። ያን ሳያይ «የመሪው ሳጥን ሙሉ ይቀየር» የሚላችሁ ሰው ካለ ሌላ ጋራዥ ሂዱ። በሁለቱ መካከል ያለው የዋጋ ልዩነት የብዙ ታንክ ነው።

ከስር ከሚመጡ ድምፆች ሁለቱን ግን አትናቁ። አንደኛው የኩሽኔታ ድምፅ ነው። አይንኳኳም፣ ያጉረመርማል። ፍጥነት ስትጨምሩ ይጨምራል፣ ወደ አንድ ጎን ስታዞሩ ይለወጣል። የጎማ ድምፅ ነው ብሎ ማለፍ ቀላል ነው። ኩሽኔታ ጎማውን የሚሸከም ነገር ስለሆነ ይዛችሁት ወደ ጎንደር አትውጡ። ሁለተኛው የኋላ እግር ክንድ ነው። አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2012 ከ2006 እስከ 2011 የተሠሩ ከ700 ሺህ በላይ ራቫ ፎሮች ለጥገና የተጠሩት በዚህ ነው። ምክንያቱ ቀላል ነው። አላይመንት (የጎማ አቅጣጫ ማስተካከል) ሲሠራ የላላው የክንዱ ዳዶ ተመልሶ በደንብ ካልጠበቀ ክንዱ ይጫወታል፣ ይዝጋል፣ በመጨረሻ ሊሰበር ይችላል። አላይመንት ባሠራችሁ ቁጥር ያ ዳዶ መጥበቁን ቆማችሁ አረጋግጡ። ይህ ምንም ወጪ የለውም።

አሁን ወደ ዝምተኞቹ። የመጀመሪያው ሙቀት ነው፤ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ።

ባሕር ዳር ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። እዚህ ከፍታ ላይ ውሃ በ100 ሳይሆን በ94 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። የሞተሩ ውሃ ደግሞ ሲሠራ ከ80 ዲግሪ በላይ ነው። ልዩነቱ ትንሽ ነው። መኪናውን የሚያድነው የራዲያተሩ ክዳን ነው። ክዳኑ ግፊት ስለሚይዝ ውሃው ከ110 ዲግሪ በላይ እስኪደርስ አይፈላም። የክዳኑ ጎማ ከደረቀ ግን ግፊቱ ያመልጣል፣ ውሃው እንደ ሻይ ጀበና ይንተከተካል። ብዙ ሰው ራዲያተር ሲቀይር፣ ፓምፕ ሲቀይር፣ ፋን ሲቀይር ቆይቶ ክዳኑን አይነካም። የዚህ ሁሉ መነሻ ሊሆን የሚችለው ግን ያ ትንሽ ዕቃ ነው። ክዳን ከአንድ ታንክ በጣም በታች ነው።

ቀጥሎ ውሃው ራሱ። ኩላንት የሚባለው የራዲያተር ፈሳሽ ውድ ነው ብለን የቧንቧ ውሃ እንሞላለን። ኩላንት የሚጠቅመው ቶሎ እንዳይፈላ ብቻ አይደለም። ዝገት ይከላከላል። የራቫ ፎር ሞተር ብሎኩ አሉሚኒየም ነው። ተራ ውሃ በዓመታት ውስጥ ቀስ ብሎ ይበላዋል፣ ቀጫጭን የራዲያተር ቧንቧዎችንም በደለል ይደፍናል። መኪና ስታዩ ሞተሩ በረዶ እንደሆነ ክዳኑን ክፈቱ። ሲሞቅ በፍጹም እንዳትከፍቱ፣ ፊታችሁን ያቃጥላል። ውስጡ አረንጓዴ ወይም ቀይ ንጹሕ ፈሳሽ ከሆነ ጥሩ። የሸክላ ቀለም ያለው ውሃ ከሆነ ዓመታት ኩላንት አላየም። ቅባት የሚንሳፈፍበት ከሆነ ደግሞ አመስግናችሁ ሂዱ።

ለምን? ምክንያቱም ከሙቀት በኋላ የሚመጣው ቴስታታ፣ ከብሎኩ በላይ የሚታሰረው የሞተሩ ራስ፣ ነው። ባለ 2.4 ሊትሩ ሞተር፣ 2ኤዜድ የሚባለው፣ እዚህ ላይ የታወቀ ድክመት አለው። በተለይ እ.ኤ.አ. ከ2002 እስከ 2006 በተሠሩት ላይ ቴስታታውን የሚያስሩት ቡሎኖች የሚገቡበት የብሎኩ ጥርስ ይበላል። ብዙ ጊዜ የሚለቁት ከኋላ በኩል ያሉት ናቸው። ቡሎኑ ሲለቅ በመካከላቸው ያለው ማሸጊያ፣ ጓርኒሲዮኑ፣ አይታመቅም፣ ውሃው በቴስታታውና በብሎኩ መካከል ይወጣል። ስትነዱ ምንም አይሰማም። ውሃው ብቻ ቀስ እያለ ይጎድላል። አንድ ቀን ከወረታ ተነስታችሁ ወደ አለምበር ስትወጡ የሙቀቱ ቀስት ይነሳል።

ይህን የማያውቅ ጋራዥ ጓርኒሲዮን ብቻ ቀይሮ ያስራል። ያንኑ የተበላ ጥርስ መልሶ ስለሚያስር በወራት ውስጥ እንደገና ይለቃል። ትክክለኛው ሥራ ጉድጓዶቹን አስፍቶ የብረት ጥርስ መክተት ነው። በሁሉም ጉድጓድ ላይ ቢሠራ ይሻላል። ቀጥ ብሎ እንዲገባ የሚያደርግ መሣሪያና ጥሩ የቶርኖ ባለሙያ ይፈልጋል። የቀናት ሥራ ነው፤ ከአሥር ታንክ አካባቢ ጀምራችሁ ቁጠሩ። ቴስታታው በሙቀት ከተጣመመማ ከዚያም ያልፋል፤ ያኔ ያገለገለ ሞተር ፍለጋ ይጀመራል።

የደብረ ታቦርን ነገር ካነሳሁ አይቀር፣ ዳገት ላይ ራቫ ፎር ደከመኝ ሲል ሁልጊዜ በሽታ አይደለም። እዚህ ያለው አየር ከባሕር ዳርቻ ካለው በአንድ አምስተኛ ገደማ የሳሳ ነው። ደብረ ታቦር ደግሞ 2,700 ሜትር አካባቢ ናት። ተርቦ የሌለው ሞተር እዚያ ጉልበት ያጣል። በዚህ ምክንያት ብቻ ካንዴላና ኖዝል የሚያስቀይሩ ሰዎች አሳዝነውኛል።

ሁለተኛው ዝምተኛ ዘይት ነው። ባለ 1.8 ሊትሩ አሮጌ ሞተርና እ.ኤ.አ. ከ2006 እስከ 2009 አካባቢ የተሠራው ባለ 2.4 ሊትር ሞተር ዘይት መብላት ይታወቅባቸዋል። መካኒኮች ፋሻ የሚሉት የፒስተን ቀለበት በጥላሸት ይታፈንና ዘይቱን መልሶ ማውረድ ያቅተዋል፤ ዘይቱ ከቤንዚኑ ጋር ይቃጠላል። ቶዮታ አሜሪካ ውስጥ ይህን ሲመረምር ያወጣው ወሰን 1,900 ኪሎ ሜትር ገደማ ተነድቶ አንድ ሊትር ገደማ መጉደል ነው። ከዚያ በላይ የሚበላ ችግር አለበት ተብሎ ይያዛል። ሞተሩ ውስጥ የሚገባው ዘይት በጠቅላላው ወደ 4 ሊትር ነው። 5,000 ኪሎ ሜትር ጠብቆ ዘይት የሚቀይርና በመሐል የማያይ ሰው ከግማሽ በላይ ዘይቱ ጎድሎ እየነዳ ነው ማለት ነው።

ፋሻ መቀየር ሞተር መክፈት ነው። ውድ ነው። ግን እውነቱን ልናገር፣ ትንሽ ዘይት የሚበላ ሞተር ይዞ ብዙ ዓመት መኖር ይቻላል። በየሳምንቱ እሑድ ጠዋት የዘይት መለኪያውን ዘንግ አውጥቶ ማየት፣ የጎደለውን መጨመር። ዋጋው ግን ያን ተቀንሶለት መሆን አለበት። ሻጩ «ዘይት አይበላም» ካለ፣ ኮፈኑ ቀዝቃዛ ሳለ አስነሱትና ከኋላ ቁሙ። መጀመሪያ ሲነሳ ሰማያዊ ጭስ ይወጣል? ከዚያ አምስት ደቂቃ በሚኒሞ ይቁምና ነዳጅ አንዴ ይሰጠው። ሰማያዊ ደመና ከማርሚታው ከወጣ መልሱን አገኛችሁ። ነጭ እንፋሎት በክረምት ጠዋት ቢወጣ ግን አትደንግጡ፣ ቶሎ ይጠፋል።

በዚሁ የሞተሩ ክዳን ላይ ዲ ፎር የሚል ጽሑፍ ካያችሁ እኔ አልመክርም። ቤንዚኑን በከፍተኛ ግፊት በቀጥታ ወደ ሲሊንደር የሚረጭ ሞተር ነው። ንጹሕ ቤንዚን ባለበት አገር ጥሩ ይሠራ ይሆናል። እኛ ግን ነዳጅ ሲጠፋ ከመንገድ ዳር በሀይላንድ የምንገዛ ሰዎች ነን። ውሃ ወይም ናፍጣ የተቀላቀለበት ቤንዚን የዚህን ሞተር ፓምፕ ይገድላል። ተራው ሞተር ቢያንስ ይታገሣል።

ሦስተኛው ካምቢዮ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2001 እስከ 2003 የተሠራ አውቶማቲክ ራቫ ፎር ማርሽ ሲቀይር የሚመታ ከሆነ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ካምቢዮው አይደለም። ኮምፒውተሩ ነው። በነዚህ ዓመታት የተሠራው የሞተር ኮምፒውተር ውስጡ እየተበላሸ ለካምቢዮው የተሳሳተ ትእዛዝ ይሰጣል። ችግሩ ስለበዛ ቶዮታ አሜሪካ ውስጥ የዚህን ኮምፒውተር ዋስትና ወደ 10 ዓመት ወይም 240 ሺህ ኪሎ ሜትር አራዝሞታል። እዚህ ያ ዋስትና አይደርሰንም፣ እውቀቱ ግን ይደርሰናል። ኮምፒውተሩን ለሚያውቅ የኤሌክትሮኒክስ ባለሙያ ማሳየት ጥቂት ታንክ ቢሆን ነው። ካምቢዮ ማስወረድ ግን ከሃያ ታንክም ሊያልፍ ይችላል። ብዙ ሰው ካምቢዮ ቀይሮ፣ አዲሱም መምታት ሲጀምር ነው የነቃው። በተቃራኒው «ትንሽ ብቻ ነው የሚመታው» ብሎ መንዳትም አያዋጣም። በተሳሳተ ትእዛዝ የሚሠራ ካምቢዮ እውነትም ይበላል።

ሙከራ ላይ እንዲህ አድርጉ። ፍሬን ይዛችሁ ከፒ ወደ ኋላ ማርሽ፣ ከኋላ ማርሽ ወደ ዲ አስገቡት። ከሁለት ሰከንድ በላይ ከዘገየ ወይም መኪናው ከዘለለ ጠርጥሩ። ከዚያ ቀስ ብላችሁ ከዜሮ እስከ 60 ንዱት። ሞተሩ ጮሆ መኪናው የማይሄድ ከሆነ ካምቢዮው ይንሸራተታል። የካምቢዮውን ዘይት አውጥታችሁ አሽቱት፤ ቀይና ንጹሕ መሆን አለበት። ጠቁሮ የተቃጠለ ሽታ ካለው ዘይት መቀየር አያድነውም። ይህ ሁሉ ሃያ ደቂቃ አይፈጅም።

አራቱም ጎማ የሚነዳበት ከሆነ ጎማዎቹን እዩ። አራቱም አንድ ዓይነትና እኩል ያለቁ መሆን አለባቸው። ሁለት አዲስ ሁለት አሮጌ ጎማ ማለት በፊትና በኋላ መካከል ያለው ማገናኛ ቀኑን ሙሉ ሲታገል ይውላል ማለት ነው፤ በመጨረሻ ይቃጠላል። ደረቅ አስፋልት ላይ መሪውን እስከ መጨረሻ አዙራችሁ ቀስ ብላችሁ ዙሩ። መኪናው እየተያዘ የሚሄድ ከመሰላችሁ እዚያ ጋ ችግር አለ። እ.ኤ.አ. ከ2006 ወዲህ ባሉት ላይ ያለው፣ የፊትና የኋላ ጎማዎችን አንድ ላይ የሚያስረው የሎክ ቁልፍ ለጭቃ ነው። በ40 ኪሎ ሜትር በሰዓት ራሱ ይለቃል፤ ከለቀቀ ተበላሽቷል አትበሉ።

ስለ ፍሬን ባጭሩ። ሸራ ርካሽ ነው፣ ዲስክም አያስፈራም። የሚረሳው የፍሬን ዘይት ነው። ከአየር እርጥበት ይጠጣል። አዲስ ሳለ ከ200 ዲግሪ በላይ የሚፈላው ተራው የፍሬን ዘይት፣ ውሃ ሲጠጣ በ140 ዲግሪ ሊፈላ ይችላል። ከደብረ ታቦር ወደ ወረታ ወይም ከጎሃ ጽዮን ወደ አባይ በረሃ ስትወርዱ ፍሬን እየረገጣችሁ ከሆነ ወደዚያ ሙቀት ትቀርባላችሁ። ዘይቱ ሲፈላ ፔዳሉ ባዶ ይሆናል። በሁለት ዓመት አንዴ ቀይሩት፤ ቁልቁለት ላይ ደግሞ አውቶማቲክም ቢሆን ወደ ዝቅተኛ ማርሽ አውርዱት። የልጆቻችሁ ሕይወት ነው።

ወረቀቱን በተመለከተ የሊብሬው የሞተርና የሻንሲ ቁጥር ከመኪናው ጋር መመሳሰሉን በዓይናችሁ እዩ። ሞተር የተቀየረበት መኪና ብዙ ነው። ያልተመዘገበ ከሆነ ቦሎ ሲታደስ ነገሩ የናንተ ራስ ምታት ይሆናል።

ወደ ጓደኛዬ ልመለስ። አባይ ማዶ ያለውን ሻጭ ደውለን «ነገ ጠዋት አንድ ሰዓት እንመጣለን፣ እባክህ ሞተሩን እንዳታስነሳው» አልነው። እሺ አለ። በሰዓቱ ደረስን። ኮፈኑ ላይ እጄን ሳሳርፍ ይሞቃል። «ልጁ ዳቦ ሊገዛ ወጥቶበት ነበር» አለ። በማግሥቱም ሄድን። ያን ቀንም ሞቆ ጠበቀን። ጓደኛዬ ምንም አላለም፣ ሰላም ብሎት ወጣ። ሰውዬው የደበቀው ምን እንደሆነ እስከ ዛሬ አላውቅም፤ ለማወቅም አልጓጓሁም።

ሽምብጥ ያለው በረዶ ነበር። አንዴ ቁልፉ ሲዞር ተነሳ። ጭስ የለም። ክዳኑን ስንከፍት ውስጡ ቀይ ኩላንት ነው። ካምቢዮው አይመታም። ባለቤቱ ዘይት የቀየሩበትን ኪሎ ሜትር በትንሽ ደብተር ጽፈው ይዘዋል፤ ከኮፈኑ ይልቅ ያ ደብተር ነው ልቤን ያሳረፈው። የኳኳታውን ዋጋ አስቀንሰን ገዛው። ሁለት ሊንክ፣ የፊት ጎሚኒዎች፣ አንድ የኋላ ኩሽኔታ፣ የራዲያተር ክዳንና የፍሬን ዘይት ተቀየረ። ሁሉም ተደምሮ አራት ታንክ አልሞላም። ባለፈው እሑድ እናቱ ጋ ደርሶ መጣ። አለምበር ዳገት ላይ ቀስቱ መሐል ላይ ነበር ብሎኛል። ትርፍ ጎማ የተሸከመው የኋላ በር ግን አሁንም ይንጫጫል፤ ማጠፊያው ነው መሰለኝ።